ለውሻ የሚያበስል ባል

እኔ ውሻ አልወድም። ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ግቢ ይጠብቅ፣ ይጩህ፣ ሌባ ያባርር፤ ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ጉዳይ የለውም። እንግዲህ ባሌ ሀብተሥላሴ፣ ያ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የአሰብን መንገድ ሲመላለስ ጉልበቱን የጨረሰ ሹፌር፣ ከሆቴል ወጥ በቀር ድስት ምን እንደሚመስል የማያውቅ የጎጃም ሰው፣ ወጥ ቤቴ ገብቶ ለውሻ ሲያበስል ባየሁ ጊዜ ምን እንደሆንኩ ገምቱት። አሁን ግን በዚህ ነገር ስሙን በክፉ የሚያነሣብኝ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ።

ነገሩ የጀመረው በጉራቻ ነው። ጉራቻ የልጃችን የፈጠነ ውሻ ነበር። ኮልፌ ገበያ አጠገብ ቦይ ውስጥ ተጥሎ አግኝቶት፣ በሸሚዙ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ ከገዛ ጉርሻው እየቀነሰ አሳደገው። እኔ ጮኼ ጮኼ ተውኩት። ፈጠነ ወደ ሰሜን ሊዘምት መኪናው ሲመጣ እኔ ስንቁን ይዤ አለቅሳለሁ፣ እሱ ውሻውን አቅፎ ቆሟል። ከመሳፈሩ በፊት ሰንሰለቱን ለአባቱ አስጨበጠና "አባዬ፣ አደራ" አለው። ሀብቴም አደራህ በሰማይም በምድርም አለብኝ አለው። እኔን ደህና ሁኚ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

እኛ ቤት ሁዳዴ ከገባ ውሻውም ይጾማል። ማንም ጹም ብሎ አዞት አይደለም። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሽሮና ምስር ከሆነ ለውሻ የሚተርፈውም ሽሮና ምስር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ጉራቻ ያን ዓመት በሽሮ ፍትፍትና በደረቅ እንጀራ ከረመ፤ ጎኑ እስኪቆጠር ከሳ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም አዘነለት። ምስኪን አብሮን ጾሟል፣ አብሮን ይፈስክ ተባለ። እንግዳው እየተነሣ የዶሮውን አጥንት፣ የበጉን ጮማ፣ የወጡን ትርፍ ከነሽንኩርቱ ከነበርበሬው ወረወረለት። ከማንም አብልጦ ያበላው ግን ሀብቴ ነበር። ለጉራቻ ሲጥልለት ፈጠነን ያጎረሰ ይመስለው ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ የጉራቻ ሆድ ተነፋ፣ ቆየት ብሎም ደም አስቀመጠው። ሀብቴ በጆንያ ጠቅልሎ ታክሲ ቢያቆም ባለ ታክሲው ውሻ አልጭንም ብሎት ሄደ። እንግዲህ ያን ጥጃ የሚያክል ውሻ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቱ፣ ተሸክሞት እስከ እንስሳት ሐኪም ቤት ድረስ በእግሩ ወሰደው። ጉራቻ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሞተ።

ሐኪሙ ቁጡ ቢጤ ነበር አሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰነጣጥቆ አንጀት ይወጋል፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ያልቀመሰ ሆድ ላይ ያን ሁሉ ስብ ባንድ ቀን ማውረድ መግደል ነው እያለ ወረደበት። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ወይ ተቆጥቶ ይወጣል። ሀብቴ አልወጣም። ሁሉን አዳምጦ ሲያበቃ፣ "እሺ ዶክተር፣ ታዲያ ምን ይብላ?" አለው። ሰውዬው ውሻ ሞቶበት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አጋጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ምሳ ሰዓቱ እስኪያልፍ አወራው። የነገረው ስለ ምግብ ብቻ አልነበረም። ውሻ ሆድ ብቻ አይደለም፤ መኝታው፣ ውኃው፣ ቆዳው፣ መንሸራሸሩ፣ ሰው የሚያናግረው መሆኑ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይታመማል ብሎታል።

ሬሳውን ይዞ ቤት መጣ። አጥሩ ሥር ቀበረውና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እራት አቀረብኩ፣ አልበላም። "ያ ልጅ ሲመጣ ምን ብዬ ነው የምነግረው?" አለኝ። ግንባር ላለ ልጅ የሞት ወሬ አይላክም ብለን ዝም አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰውዬዬን የሚበላው ነገር ይኼ ብቻ ሆነ፤ ልጁ መጥቶ ጉራቻስ ብሎ የሚጠይቀው ቀን።

ክረምቱ ሲገባ ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን ገበያነሽ ውሻዋ ወለደች። ከቡችሎቹ አንዱ፣ መልኩ ቡላ፣ ግንባሩና ጆሮው ግን ቁርጥ ጉራቻ ነበር። አባቱ ማን እንደሆነ ሰፈሩ አልተጠራጠረም። ሀብቴ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከቶ አመጣውና ቡላ አለው። አንዱን መግደልህ አልበቃህም ወይ አልኩት። ክፉ ቃል ነው፣ አውቃለሁ፤ አፌ እንዲህ ነው። እሱ ግን አልተቆጣኝም። "ይኼኛው በእኔ እጅ አይሞትም" ብሎኝ ውኃ ሊያጠጣው ሄደ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። በመጀመሪያ ድስቴን ወሰደ። አስጣልኩት። ከወጥ ቤቴ ውጣ አልኩት፣ ወጣ፤ ከጓሮ ጉልቻ ጎልቶ፣ አሮጌ ብረት ድስት ገዝቶ ጣደ። ሰው የማይበላውን ሳንባና ልብ ይከትፋል፣ የገብስ ቂንጬ ይጨምራል፣ ዱባና ካሮት ይከትፍበታል። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ቅቤ የለ። ቀዝቅዞ ለብ እስኪል ጣቱን እየነከረ ይጠብቃል። አንዳንዴ እንቁላል ይቀቅልለታል፤ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንቁላል ቀቅሎልኝ የማያውቅ ሰው! መጀመሪያ ያረረበትን፣ ጥሬ የሆነበትን፣ ውኃ የበዛበትን አትጠይቁኝ። ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያማስላል።

ውይ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ስለ ሰንሰለቱ ሳልነግራችሁ። እኛ ሰፈር ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። ጉራቻም እንዲያው ነበር የኖረው። ሀብቴ ሰንሰለቱን ጣለው። ጠዋት ጠዋት ቡላን በገመድ ይዞ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ይወጣል። ልጆቹ "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" እያሉ ይከተሉታል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ ምርኩዝ ያዝ ሲሉት አላረጀሁም የሚል ሰው፣ ለውሻው ሲል ያን ዳገት ይወጣል። ሲመለስ ፀሐይ ላይ አስተኝቶ ጆሮውን በጨርቅ ይጠርግለታል፣ በመዳፉ ጣቶች መካከል እሾህ ይፈልግለታል፣ የሚተኛበትን ጆንያ ያራግፋል። እያወራው ነው ይኼን ሁሉ የሚያደርገው። ስለ አሰብ ሙቀት፣ ስለ ተገለበጠ መኪና፣ ስለ ፈጠነ ልጅነት ያወራዋል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ስሰማ፣ ይኼ ሰው ይኼን ሁሉ ዘመን ይኼ ሁሉ ወሬ ሆዱ ውስጥ ነበር ወይ እላለሁ። ለእኔ አውርቶኝ አያውቅም። ቀስ በቀስ ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ጓሮ እየወጣሁ እዚያ መክተፍ ጀመርኩ።

ቡላም አማረ። ጸጉሩ አብረቀረቀ፣ ጥርሱ ነጣ፣ ዓይኑ ጠራ። ጠረኑ ራሱ የውሻ አይመስልም ነበር።

በቀበሌው ውይይት ክበብ አንድ ካድሬ ተነሥቶ፣ ሰፊው ሕዝብ በራሽን እየኖረ ለውሻ እንቁላል የሚቀቅሉ ንዑስ ከበርቴዎች በመካከላችን አሉ አለ። ስም አልጠራም፤ አዳራሹ ሙሉ ግን ዞሮ ያየው እኛን ነው። እኔ ክው አልኩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። ሀብቴ ቆቡን አውልቆ ተነሣ። "ጓድ፣ ልጄ ግንባር ነው ያለው። ውሻው የልጄ አደራ ነው። አንዱን በእጄ ገድዬበታለሁ፤ ሁለተኛውን ግደል አትሉኝም" አለና ተቀመጠ። ካድሬው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ንጽሕና ዘመቻው አለፈ።

ዋናው መከራ የመጣው በሁዳዴ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘጋ። እሱ ደግሞ ምሏል፣ ውሻው አይጾምም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ የፋሪዳ ባል ሉካንዳ አለ። ፋሪዳ ሙስሊም ናት፣ ጎረቤቴ ናት፣ ሳቋ ከአጥር እስከ አጥር የሚሰማ ሴት ናት። ሀብቴ እሷ ዘንድ ሄዶ ሳንባና ልብ ስጡኝ አለ። በሃይማኖቷ የውሻ ለሃጭ እንዳይነካት ትጠነቀቃለች፤ ቡላ ሲመጣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትሸሻለች። ግን የውሻውን ድርሻ በጋዜጣ ጠቅልላ ለይታ የምታስቀምጥለት እሷ ነበረች።

እንግዲህ አስቡት። የማኅበር ሰው፣ በቅዳሜና በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፋ ሰው፣ በሁዳዴ መካከል በጠራራ ፀሐይ ከእስላም ሥጋ ቤት ሥጋ ይዞ ይወጣል። ከጓሯችንም የሥጋ መረቅ ሽታ ይነሣል። ሰፈሩ ከዚህ ምን ሊያስብ ነው? አንድ ቀን ገበያነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና እያለቀሰች አቀፈችኝ። ፈጠነ የሞተ መስሎኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። ለካ "አይዞሽ እህቴ፣ ጋሽ ሀብቴ ሰለሙ አሉ፤ እንግዲህ እግዜር ያውቃል" ልትለኝ ኖሯል። ስለ ልጄ አለመሆኑን ሳውቅ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷ አብጄ መስሏት ይብስ አለቀሰች። ፋሪዳ በኋላ ስትሰማ ሳቋን መግታት አቅቷት፣ እኛስ እንቀበላቸው ነበር፣ ያን ውሻ ይዘው ነው እንጂ የሚመጡት አለች።

የነፍስ አባታችን መምሬ ቀለመወርቅ ግን ሳይስቁ መጡ። ማኅበሩ ልኳቸው ነው። ሀብቴ ከዚያ ማኅበር ቢወጣ ማን ይቀብረዋል፣ ማን ዝክሩን ይበላለታል? እሱም ያን ያውቃል። ሀብቴ ግን ምንም አልሸሸገም። ወደ ጓሮ ወስዶ ድስቱን ከፍቶ አሳያቸው። የጉራቻን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው፤ እንዴት አብሮን እንደጾመ፣ እንዴት በፋሲካ እንደገደልነው።

መምሬ ድስቱን አዩ፣ ቡላን አዩ። "ከዚህ ቀምሰሃል?" አሉት። አልቀመስኩም አባቴ፣ ጨው የለው፣ ቅመም የለው፣ ምኑ ይቀመሳል አላቸው። እሳቸውም "ጾም የተሰጠው ለሰው ነው። ውሻው መቼ ክርስትና ተነሥቶ ነው የምታስጾሙት?" አሉ። ወደ እኔ ዞር ብለውም፣ አንቺስ ጓሮ የምትከትፊው ሽንኩርት ወደዚህ እንዳይወድቅ ተጠንቀቂ አሉኝ። በሚቀጥለው የማኅበር ቀን የተናገሩትን ተናግረው የሰውን አፍ ዘጉልን።

ፋሲካ ሲደርስ ሀብቴ እንግዳ ሳይቀመጥ በሩ ላይ ቆሞ አስጠነቀቀ። አጥንት የሚወረውር ሰው ከቤቴ ይወጣል አለ። ወንድሜ ቀልድ መስሎት የዶሮ እግር ቢያነሣ እጁን ያዘው። ወንድሜ ተቀይሞ እስከ ሰኔ አልረገጠንም። እኔ አብሬው መቀየም ሲገባኝ፣ ባሌ ደግ አደረገ ብዬ ለራሴ ስናገር ራሴን አገኘሁት። ያን ቀን ነው መሰለኝ የተሸነፍኩት።

ክረምቱ መግቢያ ላይ ፈጠነ መጣ። መጣ ማለት ይከብዳል። ሆዱን ተመትቶ፣ አንጀቱ ተቀጥሎ፣ እኛ ሳንሰማ ብዙ ወር ሆስፒታል በግሉኮስ ከርሞ፣ አንድ እግሩ ደርቆ፣ በክራንች በሩ ላይ ቆመ። እኔ የወለድኩትን ልጅ በድምፁ ነው ያወቅኩት። ዳግመኛ አይዘምትም ብለው አሰናብተውታል። ጉልበቴን ሳመ። ወደ አባቱ ዞሮ ለመሳም ጎንበስ ሊል ሲል ሀብቴ ትከሻውን ይዞ አስቆመው።

"ቆይ ልጄ። መጀመሪያ የምነግርህ አለ" አለው። "ጉራቻ ሞቷል። በፋሲካ አጥንትና ጮማ አብልቼ የገደልኩት እኔ ነኝ። አደራህን በልቻለሁ።"

ምናለ ቆይተህ ብትነግረው፣ ምናለ ውኃ ቢጠጣ ብዬ በውስጤ ሰደብኩት። ግን እሱ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ፈጠነ የአባቱን ጉልበት ሳይስም ወደ ውስጥ ገባና አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ቡላ ገብቶ አልጋው ሥር ቢተኛ እንኳ አላየውም።

እኔ ታዲያ የእናት ሥራዬን ያዝኩ። ዶሮ አረድኩ፣ ቅቤ አነጠርኩ። ያ አጥንቱ የቀረ ልጅ ከፊቴ ተኝቶ ምን ላድርግ? ወጡን በሥጋው በቅቤው ሞልቼ፣ እንጀራውን አጥፌ፣ ይዤ ልገባ ስል ሀብቴ በሩ ላይ ቆመብኝ። ሳህኑን ከእጄ ላይ ያዘው። ዞር በል አልኩት። ልጄን በረሃብ ልትገድለው ነው ወይ አልኩት። ሌላም ሌላም አልኩት። ሁሉን ከጨረስኩ በኋላ ቀስ ብሎ፣

"በላይነሽ፣ ይኼም ከጾም ነው የመጣው" አለኝ።

እጄ ከሳህኑ ላይ ወረደ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ወጡን ከደነልኝ፣ ቆቡን አደረገና ልጁ ተኝቶበት ወደ ነበረው ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙን ፈልጎ አግኝቶ፣ በር ላይ ጠብቆ፣ ምን ይብላ ብሎ ጠየቀው። ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ምን ሳይነካ፣ አንድ በአንድ ጠይቆ ተመለሰ። ከዚያ ወጥ ቤቴ ገባ። ይኼኔ ማን ያስወጣዋል? ዋናውን ድስቴን እኔው አጥቤ ሰጠሁት።

የገብስ አጥሚት አቀጠነ። የደቃቅ ሥጋ መረቅ ሠርቶ ስቡን በማንኪያ እየገፈፈ አወጣ። ካሮት ቀቅሎ አደቀቀው። በትንሽ በትንሹ፣ ለብ አድርጎ፣ ቶሎ ቶሎ። መጀመሪያ ፈጠነ ፊቱን አላዞረም። ሀብቴም አልለመነውም፤ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጦለት ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወስድና ሌላ ይሠራል። አንዴ ሳህኑ ጎድሎ ተገኘ። ቡላ በልቶት እንዳይሆን ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፣ ግን የልጄ ከንፈር ላይ አጥሚት አየሁ። ከዚያ ወዲያ ሆዱ ያዘለት። አንሶላውን አንድ ላይ ስናራግፍ፣ ሀብቴ ወደ ፀሐይ አውጥቶ ሲያስቀምጠው፣ የደረቀውን እግሩን በቅባት ሲያሸው፣ ልጁ ዝም ብሎ አባቱን ያየዋል። እንዲህ ያለ አባት ይዞ አላደገማ! ሹፌር አባት ነው የሚያውቀው፤ መጥቶ፣ ብር ትቶ፣ የሚሄድ።

አንድ ጠዋት ሀብቴ ወጥ ቤት ጎንበስ ብሎ መረቁን ያማስላል፣ እኔ አጠገቡ ምስር እለቅማለሁ። የክራንች ድምፅ ሰማሁ። ፈጠነ በራሱ ተነሥቶ መጥቷል፣ ቡላ ከኋላው። አባቱ ዞሮ ምን ሆንክ፣ አመመህ ወይ አለው። ፈጠነ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ በአንድ እጁ የምድጃውን ጠርዝ ያዘ፣ ያን የማይታጠፍ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ እየተንቀጠቀጠ ጎንበስ አለ፤ የአባቱን ጉልበት ሳመው። አንዱን ስሞ ሌላውንም ሳመው፤ እዚያው ግንባሩን አስደግፎ ቀረ።

"አደራዬን አልበላህም፣ አባዬ" አለ።

ሀብቴ ልጁን ሊያነሣው ይፈልጋል፣ በእጁ ደግሞ ትኩስ ማማሰያ ይዟል፣ የት እንደሚያኖረው ጠፍቶታል። ማማሰያውን ከእጁ ተቀበልኩትና መረቁን እኔ ማማሰል ጀመርኩ።